ወንድሜን ዋሽቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ድኗል፣ ግን አልታረቀኝም

ታላቅ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ አሁን 26 ዓመቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ታመመብን። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ዜና አንባቢው ስለ እሱ እያወራ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ እናታችን የሠራችውን ምግብ መብላት ተወ። መርዝ ተጨምሮበታል ይላል። የሚበላው እንቁላል ብቻ ነበር። ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ቀቅሎ፣ መብራት ላይ ወደ ላይ እያነሳ አይቶት ነው የሚልጠው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእንቁላልና በውሃ ኖረ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሲያስቸግረው በገመድ ያስረው ጀመር።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስንለው «እኔ ደህና ነኝ፤ የታመማችሁት እናንተ ናችሁ» ነው መልሱ። ለመንነው። የንስሐ አባታችን መጥተው አነጋገሩት። አጎታችን ተቆጣው። አንድ ሌሊት እናቴ ትራሱ ሥር ቢላ አግኝታ ጮኸች። ማንንም አልነካም፤ የሚገድለኝ ሰው ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነው። እኔ ግን በነጋታው ወሰንኩ።

«የሥራ ፈተና አለ፣ ስምህ ወጥቷል፤ ላድርስህ» አልኩት። ደስ አለው። ከብዙ ቀን በኋላ ገላውን ታጠበ። ነጭ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ማህደር ያዘ። መኪናው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲቆም ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ከዚያ ለመሮጥ ሞከረ። አጎቴና ሁለት ጥበቃዎች ያዙት። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያየ፣ ወለል ላይ አስተኝተው መርፌ ወጉት። ምን እንደሚወጉት የነገረው ሰው የለም። ወረቀቶቹ ተበትነው ተረገጡ። የለቀምኳቸው እኔ ነኝ።

24 ቀን ተኛ። ዛሬ ደህና ነው። ሥራ ይዟል። መድኃኒቱን ይወስዳል። የእናታችንን ወጥ ይበላል። እኔን ግን ከሰላምታ በላይ አያናግረኝም። ባለፈው ፋሲካ ደፍሬ ጠየቅኩት። «በመርፌው አልተቀየምኩሽም» አለኝ። «ሸሚዝ አስተኩሰሽኛል።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የታመመ ሰው አልፈልግም ሲል የመወሰን መብት ያለው ማን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አብነት ሰፈር፦

እህቴ፣ ወንድምሽ በሕይወት አለ። ሥራ ይዟል። ሌላው ትርፍ ነው። ጊዜ ስጪው፣ ይታረቅሻል።

ዳግም ተወለድኩ፦

አብነት ሰፈር፣ «ሌላው» ያልከው ነገር ትርፍ አይደለም። በዚያ በኩል ያለፍኩ ሰው ነኝና ልናገር።

ሰባት ወር በሰንሰለት ታስሬአለሁ። ሐኪም ቤት አይደለም፤ ገጠር፣ ሶዶ በኩል፣ ቤታችን ጓዳ ውስጥ። ያሰረኝ አባቴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ ሌሊት ወጥቼ ጠፍቼ ወንዝ ዳር ነው ያገኙኝ። ጎረቤት ደግሞ ልጅህ ክምራችንን ያቃጥላል እያለ ያስፈራራዋል። ያኔ ጤና ጣቢያው ለዚህ ሕመም መድኃኒት አልነበረውም። ከተማ ለመውሰድ በሬ መሸጥ ነበረበት። አንዱን ሸጦ አንድ ጊዜ ወሰደኝ። ሁለተኛውን ቢሸጥ በምን ያርሳል?

እናቴ ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን እንዳይልጠው ያረጀ ነጠላዋን ቀዳ ትጠመጥምልኛለች። በየሦስት ቀኑ ትቀይረዋለች። ስትቀይረው ዓይኔን አታየኝም። ዛሬም የነጠላ ጥለት ሳይ እግሬን ይነዝረኛል።

ሰው የሚመስለው ያበደ ሰው ምንም አያስታውስም። እኔ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ያኔ የማምነው ነገር ውሸት ነበር። ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። ማን ምን እንዳለኝ፣ ማን እየሳቀ በበሩ እንዳለፈ፣ ማን ዳቦ እንደወረወረልኝ አንድ በአንድ አውቃለሁ።

በኋላ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያችን ደረሰ። አንድ ነርስ ቤታችን መጣ። ወንበር አቀረቡለት፤ ትቶት መሬት ላይ፣ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ስምህ ማነው?» አለኝ። ካርዱ ላይ አለ፤ ግን ጠየቀኝ። ከብዙ ወራት በኋላ እኔን ራሴን ያናገረ የመጀመሪያው ሰው ነው። «መድኃኒት ይዣለሁ። እንቅልፍ ይሰጥሃል። አንገትና ምላስ ሊያደርቅ ይችላል፤ ካደረቀህ ለሱም ኪኒን አለ። ትወስዳለህ?» አለኝ። ወሰድኩ። በአምስተኛው ሳምንት አባቴ ሰንሰለቱን ፈታ።

ታላቅ እህት፣ ማሳከምሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። እኔንም በጊዜ የሚያሳክመኝ ባገኝ እወድ ነበር። ወንድምሽ የሚልሽን ግን በደንብ ስሚው። ሕመሙ ሁሉም ሰው ያታልልሃል ይለው ነበር። ያን ቀን አንቺ የሕመሙን ቃል እውነት አደረግሽው።

የሦስት ልጆች እናት፦

ልጆቼ፣ እኔ መጻፍ አልችልም፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

የበኩር ልጄ እንዲህ ነው የሆነው። እኛ አልዋሸነውም። ይዘነው ሄድን፤ በሩ ላይ «አልፈልግም» አለ። የተቀበሉን ሰዎች «ዕድሜው ደርሷል፣ አልፈልግም ካለ አናስገድደውም፤ አልጋም የለም፣ አሳምናችሁ አምጡት» አሉን። ቦታውን አልናገርም። ቤት መለስነው። ከዚያ ወጣ። አራት ወር ከጎዳና ጎዳና ፈለግነው። አንዳንድ ቀን አገኘዋለሁ፤ ምግብ እሰጠዋለሁ፤ ይሸሸኛል። በሐምሌ ዝናብ ድልድይ ሥር ሞቶ ተገኘ። 31 ዓመቱ ነበር።

ሸሚዝ አስተኩሼ ወስጄው ቢሆን ኖሮ! ቢቀየመኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ደጄን ባይረግጥ ደስታዬ ነበር። መብቱን ጠበቁለት፤ እኔ ልጄን ቀበርኩ። አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አታልቅሺ።

ዳግም ተወለድኩ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። በእርስዎ ፊት የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ። ልጅዎን በሩ ላይ ትተው የገቡት ሰዎች መብቱን አልጠበቁለትም። የታመመን ሰው ጥሎ መግባት መብት ማክበር አይባልም።

ጠበቃ ነኝ፦

እማማ ነፍስ ይማር። እኔ ሕጉን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛን ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀጣዩ አንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ሰው በታች የሚኖርባቸውን የገጠር ቦታዎች ይመለከታል። እዚያ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለው ሰው እብደቱ የታወቀ ነው ይላል። አስተውሉ። ሐኪም አይጠየቅም። የዳግም አባት ያሰሩት ሰንሰለት ራሱ ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። የተጻፈው የዚያ ሰው ውል እንዲፈርስ፣ ንብረቱ እንዲጠበቅ ታስቦ ነው። መታሰሩ ልክ ነው ወይ ብሎ ግን አይጠይቅም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ነፃነቱን አያጣም ይላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የአእምሮ ሕመምም ውስጡ አለ። የስምምነቱ አንቀጽ 14 ጉዳት ስላለበት ብቻ የማንም ሰው ነፃነት አይነጠቅም ይላል። ስምምነቱን የሚከታተለው ኮሚቴ በግድ ማስተኛትን ጨርሶ አይቀበልም። እዚያው የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ያለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰውየውን ከከባድ ጉዳት ለመጠበቅ ወይም ሌሎች እንዳይጎዱ፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ለአጭር ጊዜና በሕግ ቁጥጥር ሥር ከሆነ ይቻላል ብሏል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በሌብነት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። የታላቅ እህት ወንድም 24 ቀን ሲተኛ «ለምን እዚህ አለህ? ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ከሐኪም ቤቱ ውጪ የሆነ ሰው የለም። የእማማን ልጅ ከበር ሲመልሱትም ለምን መለሳችሁት ያለ የለም። የሁለቱም ጉዳት ከአንድ ቦታ ነው የመጣው። በቤተሰብና በሐኪም ቤት መካከል የሚቆም ሰው የለንም።

ሲስተር፦

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት 15 ዓመት ሠርቻለሁ። ጠበቃው ያለውን ተቀብያለሁ፣ ግን ከዋርድ ውስጥ ሆናችሁም እዩት።

አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ሰው እጁ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ሥር ሁለት ቀን ተጉዞ ይመጣል። ዛሬ ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ክፍል አላቸው፤ የአልጋ እጥረቱ ግን ከእኛ ጋር ነው። እኔ በሠራሁበት ቦታ ሌሊት ሁለት ተረኛ ሆነን ሙሉ ዋርድ እንጠብቃለን። አንዱ ሲነሳ የምትወጋው መርፌ ለእሱ ብቻ አይደለም፤ ጎኑ ለተኛውም ነው። ይህን ስናገር ያሳዝነኛል፤ ግን እውነት ነው።

«አልታመምኩም» የሚለው ነገር ደግሞ እልህ አይደለም። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታመመው ያ መታመምን የምናውቅበት ችሎታ ራሱ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው እግሬ ተሰብሯል ይላል። እዚህ ግን የሚናገረውም የተሰበረውም አንድ ነው። ሦስት ሳምንት እንቁላል ብቻ የበላ ልጅ «ምርጫው ነው» ተብሎ አይተውም። እኔ አልተውም።

ግን ወለል ላይ ጥሎ መውጋት ሙያው አይደለም። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያናግረው፤ አምስት ሰው አንድ ላይ አይጮኽም። ኪኒን ይቀርብለታል፤ ብዙዎች ኪኒኑን ይቀበላሉ፣ ማንም አያምንም እንጂ። ውሃ ይጠየቃል። ሰው ከኮሪደር ይወጣል። የግድ መያዝ ከመጣ የሚደረገው እየተነገረው ነው፤ ባይሰማም ይነገረዋል። ሲረጋጋ ደግሞ ተመልሰህ አጠገቡ ትቀመጣለህ። ያደረግነው ይህን ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ አንተስ እንዴት ነበርክ ብለህ ትጠይቃለህ። ይህን የመጨረሻውን ስንቶቻችን እናደርገዋለን? እኔም ሰዓቴ አልቆ ሳላደርገው የሄድኩበት ሌሊት አለ። አንዲት ልጅ በሳምንቱ «ሲስተር፣ ያን ቀን ምን ነበር የወጋሽኝ?» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስታስብበት ነበር።

ኦክላንድ ያለሁ፦

እኔ ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው። የአክስቴን ልጅ ሁለት ጊዜ በፖሊስ አስወስደነዋል። እዚህ «ፊፍቲ ዋን ፊፍቲ» ነው የሚሉት፤ የሕጉ ቁጥር ነው። ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ከሆነ ወይም ራሱን መንከባከብ ካቃተው እስከ 72 ሰዓት ይይዙታል። ለመቀጠል 14 ቀን የሚል ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያኔ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ችሎት ይቀመጣል። ለእሱ የሚከራከርለት ሰው ተመድቦለት ነበር። አማርኛ አስተርጓሚም በስልክ አገናኙት። መድኃኒቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ከ1987 እ.ኤ.አ. የፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ በግድ የተኛ ሰውም ቢሆን መድኃኒቱን እምቢ የማለት መብት አለው፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ ወይም መወሰን አይችልም ተብሎ በሌላ ችሎት ካልተረጋገጠ በቀር።

ልጁ ችሎቱ ላይ ተሸነፈ፤ በግድ ታከመ። ሲወጣ ግን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ችሎቱን የመራው ሰውዬ ንግግሬን እስክጨርስ ጠበቀኝ።»

ሁሉም አምሮበታል ብዬ አይደለም። ከሥራ ስመለስ ድልድይ ሥር በድንኳን የሚኖሩ፣ ከራሳቸው ጋር የሚጨቃጨቁ ሰዎች አያለሁ። ሕጉ አይነካቸውም፤ አልጋም የለም። ቤተሰቦች ጮኸው በ2023 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሎ ራስን መንከባከብ አለመቻል የሚለው ትርጉም ሰፋ። የእማማን ታሪክ ሳነብ እነዚያ ድንኳኖች ናቸው የታዩኝ።

ትሪዬስቴ፦

እኔ ጣሊያን አገር አረጋውያን ነው የምንከባከበው። ያለሁበት ከተማ ትሪዬስቴ የዚህ ጉዳይ ዋና ቦታ ናት፤ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ፍራንኮ ባሳሊያ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1961 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጎሪዚያ ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ ሲገባ ሌሊት የታሰሩትን ሕመምተኞች መዝገብ አምጥተው ፈርም አሉት። አልፈርምም አለ። በ1971 ወደ ትሪዬስቴ መጣ። ሳን ጆቫኒ የሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያኔ ከ1,000 በላይ ሰው ተዘግቶበት ነበር። በ1973 ሕመምተኞቹና አርቲስቶች ሆነው ከእንጨትና ከወረቀት ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ሠሩ። ይዘውት ወደ ከተማ ሊወጡ ሲሉ በሩ አላሳልፈው አለ። በሩን ሰብረው አወጡት። ዛሬ ግቢው መናፈሻ ነው፤ ጽጌረዳ ተተክሎበታል። የማስታምማቸውን እናት በየእሁዱ በዊልቸር እዚያ እወስዳቸዋለሁ።

በ1978 ሕግ ወጣ። የአእምሮ ሆስፒታሎች ይዘጉ ተባለ። በግድ ማከም ግን አልቀረም፤ ብዙ ሰው ቀርቷል ብሎ ያስባል። ሁለት ሐኪሞች ይጠይቃሉ፣ ከንቲባው ያዝዛል፣ ዳኛ ያጸድቃል፣ ጊዜው 7 ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ተሠርቶ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ለታማሚው ራሱ ትዕዛዙን ስጡት የሚል አልነበረውም፤ ዳኛውም ሳያየው መፈረም ይችላል። በ2025 ነው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም ያለው። ትዕዛዙ ለሰውየው ይነገረው፣ ዳኛው ከማጽደቁ በፊት ይስማው ተባለ። ባሳሊያ በነበረበት አገር እንኳ 47 ዓመት ፈጀ።

ዲያቆን፦

ስለ ጸበል ያነሳ የለም፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ግን እዚያ ነው። ታስረው የሚመጡ አይቻለሁ። የታሰረ ሰው ሲጠመቅ ቆሜ ዜማ ብያለሁ፤ ልቤ ግን ይረበሻል። ጌታ እንኳ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ነው መጻጉዕን የጠየቀው፤ 38 ዓመት ለተኛ ሰው። እንጦጦ ማርያም ላይ አጥማቂዎችና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራት ጀምረው አይተናል። ጸበሉንም ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል። ሌላውም ቦታ ቢለመድ ሰንሰለቱ ይቀንስ ነበር።

አብነት ሰፈር፦

ዳግም፣ ይቅርታ። ያልኩትን ሳላስብ ነው የጻፍኩት።

ሲስተር፦

ታላቅ እህት፣ አንድ ነገር ሞክሩ። አሁን ደህና በሆነበት ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። ሕመሙ ቢመለስ ምን ምልክት ሲታይ ነው የምትወስዱት? ማን ይውሰደው? ማን አይምጣ? የትኛው መድኃኒት ተስማማው፣ የትኛው ጎዳው? እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ። ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው ወረቀት አይደለም። ግን በክፉ ቀን የሚናገረው ደህናው እሱ ይሆናል። ስለ ሸሚዙም ይቅርታ ጠይቂው፤ ስለ ሕክምናው ሳይሆን ስለ ሸሚዙ ብቻ።

ታላቅ እህት፦

ሳልመልስ ሁለት ሳምንት የቆየሁት ይህን ስላደረግን ነው።

የዳግምን ጽሑፍ በስልኬ አስነበብኩት። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ የእማማን። ስለ እማማ ልጅ ረጅም ሰዓት ዝም አለ። እኔ «ሥራ አለ ብዬ መዋሸት አልነበረብኝም» አልኩት። ለቅሶ ያዘኝ፤ ተጨማሪ ማለት አልቻልኩም። «እውነቱን ብትነግሪኝ አልሄድም ነበር» አለኝ። እኔም አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ሁለታችንም መልስ የለንም። «ቢሆንም መኪናው ውስጥ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አለ። ይህ እውነት ነው። መንገዱ 40 ደቂቃ ነበር።

ወረቀቱን ጻፍን። እሱ ሲናገር እኔ ጻፍኩ። «ሦስት ሌሊት ካልተኛሁ ንገሩኝ። የእማዬን ምግብ ሁለት ቀን ካልበላሁ ውሰዱኝ። እምቢ ብልም ውሰዱኝ። ወዴት እንደምንሄድ ከቤት ሳንወጣ ንገሩኝ። አጎቴ አይምጣ። መርፌ ከሆነ ምን እንደሆነ ይነገረኝ። ሰው ባለበት አይሁን። ስልኬ በሦስተኛው ቀን ይመለስልኝ። ሥራ ቦታ ወባ ነው በሉ።» የመጨረሻውን ራሱ ሰርዞ «እውነቱን በሉ» ብሎ ጻፈ። ሦስታችንም ፈረምን። እናቴ ከእጣን ማስቀመጫዋ ሥር አስቀመጠችው።

እሱ ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ አምጥቶ አሳየኝ። ያኔ የተረገጠውን። የጫማው ዱካ አሁንም አለበት። አልቀየረውም፤ አሁን የያዘውን ሥራ የተቀጠረው በዚያው ኮፒ ነው።

ሲስተር፦

የወረቀቱን አንድ ኮፒ ለሐኪሙ ስጡት፤ ካርዱ ውስጥ ይግባ። ቤት ብቻ ከሆነ ሌሊት ተረኛ የሚሆነው ሰው አያየውም።

ታላቅ እህት፦

እሺ ሲስተር። ቀጠሮው ሰኞ ነው። አብሬው እንድሄድ ጠይቆኛል። ውጪ ወንበሩ ላይ ሆነሽ ጠብቂኝ፣ ከፈለግኩሽ እጠራሻለሁ አለኝ።